የበቆሎ የፕሮቲን ጂን አንድ አይደለም፦ ለአንድ መመሪያ የተሰጠ ምላሽ

በበቆሎ ፍሬ ውስጥ የሚከማቸውን ፕሮቲን ጂን እንዴት ክሎን ማድረግና ማጥናት እንደሚቻል በአማርኛ የሚያስረዳ ጽሑፍ ሰሞኑን በተማሪዎች ዘንድ ሲዘዋወር አይተናል። በዚህ ርእስ በአማርኛ የሚጻፈው ጥቂት ነውና የጸሐፊው መነሣሣት ያስመሰግናል። ነገር ግን መመሪያውን አምኖ ሥራ የሚጀምር ተማሪ ወራት ፈጅቶ በየትኛውም በቆሎ ውስጥ የሌለ ጂን ይዞ ሊቀር ይችላል። ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ስለ አገራችን በቆሎ ያለው ደግሞ ከላብራቶሪ አልፎ ገበሬውን የሚነካ ስህተት ስለሆነ ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህ ነው። የበቆሎ ፍሬ ዋና ፕሮቲን ዜይን ነው። የዜይን ጂን ኢንትሮን፣ ማለትም በኮዱ መሐል ገብቶ ከአርኤንኤው ተቆርጦ የሚወጣ ክፍል፣ ስለሌለው ከቅጠል ዲኤንኤ በፒሲአር (ዲኤንኤን በቱቦ ውስጥ በሚያባዛው ዘዴ) አባዝቶ ፕላስሚድ (በባክቴሪያ ውስጥ የሚባዛ ክብ ዲኤንኤ) ውስጥ ማስገባትና አንድ ክሎን ማንበብ ይበቃል። ከክሎኑ የሚሰላው የፕሮቲን ክብደት 22 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ ነው) ካልሆነ ክሎኑ የተሳሳተ ነው። የዜይን መጠን ብራድፎርድ በተባለው የቀለም ዘዴ ይለካል። ኦፔክ-2 የተባለው፣ ላይሲን (ሰውነት ከምግብ ብቻ የሚያገኘው አሚኖ አሲድ) የበዛበት በቆሎ የተበላሸ የዜይን ጂን ያለው ነው። ዜይንን ማብዛት የበቆሎን ምግብነት ያሻሽላል። በኢትዮጵያ የሚዘራው ፕሮቲኑ የተሻሻለ በቆሎም የጂን ምሕንድስና ውጤት ነው። በየተራ እንመልሳለን።

አንድ ቃል አስቀድመን እናጥራ። «ክሎን» ሲባል ብዙ ሰው ዶሊ የተባለችውን በግ ያስባል። እዚህ የምንነጋገረው ግን አንዲት የዲኤንኤ ቁራጭ ፕላስሚድ ውስጥ አስገብቶ በባክቴሪያ ስለ ማባዛት ነው። ተክሉን ማንም አይነካውም።

ሌላው ስህተት ሁሉ የተወለደው ከመጀመሪያው ነጥብ ነው። ጽሑፉ «የዜይን ጂን» እያለ በነጠላ ይጠራዋል። ዜይን ግን የወል ስም ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ቶማስ ኦስቦርን የእህል ፕሮቲኖችን በሚሟሙበት ነገር ሲከፍላቸው በውኃ የሚሟሙትን አልቡሚን፣ በጨው ውኃ የሚሟሙትን ግሎቡሊን፣ 70 በመቶ ገደማ በሆነ አልኮል የሚሟሙትን ፕሮላሚን አላቸው። የበቆሎው ፕሮላሚን ዜይን ይባላል። በውስጡም አራት ወገን አለ፦ አልፋ 19 እና 22 ኪሎዳልተን፣ ቤታ 15፣ ጋማ 16፣ 27 እና 50፣ ዴልታ 10 እና 18። እነዚህ ሁሉ በኢንዶስፐርም፣ ማለትም ፅንሱን በሚመግበው የፍሬው ክፍል ውስጥ፣ አንድ ወይም ሁለት ማይክሮሜትር በሚሆኑ ክብ የፕሮቲን ከረጢቶች ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። ጋማና ቤታ ዳር ዳሩን፣ አልፋና ዴልታ መሐሉን ይይዛሉ።

ቤታ፣ ጋማና ዴልታ ዜይኖች እያንዳንዳቸው በአንድ ወይም በሁለት ጂን ብቻ ይወከላሉ። መመሪያው የተጻፈው ለእነሱ ቢሆን ብዙም አያሳስትም ነበር። ጸሐፊው የመረጡት ግን 22 ኪሎዳልተን የሚባለውን አልፋ ዜይን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የዮአኪም ሜሲንግ ቡድን ቢኤስኤስኤስ53 ከተባለ አንድ ንጹሕ መስመር (ለብዙ ትውልድ በገዛ ብናኙ ብቻ ከተራባ በቆሎ) የዚህን ንኡስ ቤተሰብ አባላት በሙሉ አውጥቶ አነበበ። 23 ሆነው ተገኙ። ሃያ ሁለቱ በ4ኛው ክሮሞዞም አጭር ክንድ ላይ 168 ሺህ ገደማ ቤዝ በሚሸፍን ቦታ ተደርድረዋል። የቀረው አንዱ በዚያው ክንድ ላይ 20 ሴንቲሞርጋን (በክሮሞዞም ላይ የጂኖች ርቀት መለኪያ) ያህል ወደ ሴንትሮሜሩ ቀርቦ ለብቻው ተቀምጧል። ከ23ቱ መልእክተኛ አርኤንኤ (ጂን ሲሠራ የሚወጣውን ቅጂ) ሲሰጡ የታዩት 7 ብቻ ናቸው። እነሱም አንድ ጥግ ላይ የተሰበሰቡ አይደሉም፤ ከማይሠሩት ጋር ተሰበጣጥረው ነው ያሉት። (ሜሲንግ ዛሬ በየላብራቶሪው የምንጠቀምባቸውን የፒዩሲ ፕላስሚዶች ያወጣ ሰው ነው። ዜይንን ያጠና የነበረውም ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው። የጂን ማባዣ መሣሪያውና ይህ የጂን ቤተሰብ በአንድ ሰው እጅ መገናኘታቸው ያስደስተናል።)

ይህ በሥራ ላይ ምን ማለት ነው? ለሁሉም አባላት እኩል የሚገጥም ፕራይመር (ማባዛቱ የሚጀምርበት አጭር ዲኤንኤ) ይዘን ከዚህ መስመር የቅጠል ዲኤንኤ ብናባዛና አንድ ክሎን በዕጣ ብናነሣ፣ ከ23ቱ 16ቱ የማይሠሩ ናቸውና ከአሥር ጊዜ ሰባቱን ያህል የምናገኘው ፍሬው የማይጠቀምበት ጂን ነው። መስመሩ ሲለወጥ ደግሞ ቁጥሩም አሰላለፉም ይለወጣል። የቢኤስኤስኤስ53 እና ቢ73 የተባለው ሌላ መስመር ድርድሮች ጎን ለጎን ሲታዩ እንኳ አይገጥሙም፤ አንዱ ያለው ቅጂ ሌላው የለውም። ስለዚህ «የበቆሎ 22 ኪሎዳልተን ዜይን ጂን ይህ ነው» ከማለት በፊት ከየትኛው መስመር፣ ከድርድሩ የትኛው አባል ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ተማሪም ይጠንቀቅ፦ አጫጭር ንባቦችን ብቻ ሰፍቶ የተሠራ ጂኖም እንዲህ የሚመሳሰሉ ጂኖችን ደራርቦ አንድ ያስመስላቸዋል። ለዚህ ቦታ ረጃጅም ንባብ ወይም ትልልቅ ቁራጭ የሚይዝ የባክ ክሎን ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ኢንትሮን ስለሌለ የቅጠል ዲኤንኤ ይበቃል የሚለው ነው። የአልፋ ዜይን ጂኖች ኢንትሮን የላቸውም፤ ይህ እውነት ነው። የተሳሳተው ከዚህ የተወሰደው ድምዳሜ ነው። ኢንትሮን አለመኖሩ ሥራውን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም፤ ምክንያቱም ሁለት።

መጀመሪያ፣ ከቅጠል የወጣ ቁራጭ ጂኑ በፍሬው ውስጥ ይሠራ እንደሆነ አይናገርም። አንዳንዱ በመሐሉ የማቆሚያ ምልክት ስላለው በግልጽ የሞተ ነው። ከአልፋ ዜይን አሚኖ አሲዶች አንድ አምስተኛ ያህሉ ግሉታሚን ነው። ግሉታሚንን የሚያዝዙት ሲኤኤ እና ሲኤጂ የተባሉ የሦስት ፊደል ኮዶች ደግሞ የመጀመሪያ ፊደላቸው ከሲ ወደ ቲ በተለወጠ ቁጥር የማቆሚያ ምልክት ይሆናሉ። በየአምስት እርምጃው እንዲህ ያለ ወጥመድ ያለበት ጂን ቅጂው ሲበዛ አንዳንዱ መሰበሩ የሚጠበቅ ነው። ሌላው ግን ኮዱ ሙሉ ሆኖ ዝም ይላል። ይህን የሚያሳየው አርኤንኤው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። ኢንትሮን ባለው ጂን አርኤንኤያችን ውስጥ የቀረ ዲኤንኤ ቢኖር በፒሲአር ላይ ረዘም ያለ ባንድ ሆኖ ይጋለጣል። በዜይን ግን ከዲኤንኤ የሚወጣውና ከአርኤንኤ የሚወጣው ባንድ ልክ አንድ ነው፤ ዐይን አይለየውም። ስለዚህ አርኤንኤውን ዲኤንኤን በሚያፈርሰው ዲኤንኤዝ ማጽዳት ግዴታ ነው። ለእያንዳንዱ ናሙናም ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ (አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኤንዛይም) ያልገባበት ማመሳከሪያ አብሮ መሄድ አለበት። ማመሳከሪያው ባንድ ካሳየ የዚያ ቀን ሥራ ይጣላል። ጽሑፉ ይህን አንድም ቦታ አላነሣም።

አርኤንኤው የሚወጣው ከእሸት ነው። የዜይን አርኤንኤ ከተዳቀለ ከ10ኛው እስከ 12ኛው ቀን መታየት ይጀምርና ከ15ኛው እስከ 25ኛው ቀን ይበዛል። ለዚህ ሥራ ከ16 እስከ 20 ቀን የሆነው ይመረጣል። ቀን መቁጠር ብቻውን ግን ያታልላል። በአምቦ ወይም በሆለታ ብርድ ፍሬው ከባኮ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። በጥፍር ሲጫኑት ነጭ ወተት የሚረጭ፣ ገና ወደ ሊጥነት ያልሄደ ፍሬ ሲሆን ጊዜው ነው። የበቆሎው ራስ በከረጢት ተሸፍኖ በገዛ ብናኙ የተዳቀለ መሆን አለበት። ኢንዶስፐርም ሁለት ድርሻ ከእናት፣ አንድ ድርሻ ከአባት የሚወስድ በመሆኑ፣ ነፋስ ከጎረቤት ማሳ ያመጣው ብናኝ ካዳቀለው የሌላ መስመር ዜይኖች በናሙናው ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ «አዲስ አባል አገኘሁ» ማለት የዋህነት ነው።

ቆዳውና ፅንሱ ተነሥቶ ኢንዶስፐርሙ ወዲያው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይገባል፤ እዚያው ይፈጫል። ጽሑፉ ለቅጠል የሰጠውን አሠራር፣ ማለትም ሲታብ የተባለ ሳሙናማ ነገር ባለበት መፍትሔ በ65 ዲግሪ ማሞቅን፣ ለእሸቱም ይጠቀሙበት የሚል ይመስላል። በዚያ ሙቀት የበቆሎ ስታርች ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ቱቦው ውስጥ ያለው ነገር ገንፎ ይሆናል። ሴንትሪፊዩጅ አይለየውም፤ ፌኖሉም ከውኃው አይለይም። የሚሠራው መንገድ ይህ ነው፦ 200 ሚሊግራም ያህል ዱቄት ኤስዲኤስ የተባለ ሌላ ሳሙናማ ነገር ባለበት መፍትሔ በክፍል ሙቀት ይበጠበጣል፤ ከፌኖልና ከክሎሮፎርም ጋር ሁለት ጊዜ ይታጠባል፤ የላይኛው ፈሳሽ ላይ ሊቲየም ክሎራይድ መጨረሻው 2 ሞላር እንዲሆን ተጨምሮ በ4 ዲግሪ ያድራል። ሊቲየም ክሎራይድ አርኤንኤውን ሲያዘቅጥ አብዛኛውን ዲኤንኤና ስኳራማ ነገር ፈሳሹ ውስጥ ትቶት ይወርዳል። ያም ሆኖ ዲኤንኤዙ አይቀርም።

ሦስተኛው፣ አንድ ክሎን አንድ ጊዜ ማንበብ ይበቃል የሚለው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የ22 ኪሎዳልተን አልፋ ዜይን ኮድ 800 ቤዝ ያህል ነው። ሳንገር በተባለው የዲኤንኤ ማንበቢያ ዘዴ አንድ ንባብ ጥራቱን ጠብቆ ከ700 እስከ 900 ቤዝ ይሄዳልና፣ መጨረሻው የደከመ ንባብ ላይ ይወድቃል። ከሁለቱም ጫፍ፣ በፕላስሚዱ ላይ በተቀመጡ ፕራይመሮች ማንበብ ግድ ነው። ይህ ግን ቀላሉ ችግር ነው።

ከባዱ ቅይጥ ክሎን ነው። በአንድ ቱቦ ውስጥ በጣም የሚመሳሰሉ ብዙ ጂኖች አብረው ሲባዙ፣ ኤንዛይሙ አንዱን ጂን ሳይጨርስ ዙሩ ያልቅበታል። በሚቀጥለው ዙር ያ ግማሽ ቁራጭ የሌላ አባል ላይ ይለጠፍና ራሱ ፕራይመር ሆኖ ይቀጥላል። የሚወጣው ፊቱ የአንዱ፣ ኋላው የሌላው የሆነ ጂን ነው። ኮዱ ሙሉ ነው፤ ፕሮቲኑም ዜይን ይመስላል፤ በየትኛውም በቆሎ ውስጥ ግን የለም። በመቁረጫ ኤንዛይም ቢፈተሽም ትክክል መስሎ ያልፋል። መግቢያችን ላይ «በየትኛውም በቆሎ ውስጥ የሌለ ጂን» ያልነው ይህንን ነው። መከላከያው ዙሩን ከ20 እስከ 25 ላይ ማቆም፣ ለ800 ቤዝ የማራዘሚያውን ጊዜ በልግስና 2 ደቂቃ መስጠት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአንድ ናሙና ሁለት የተለያዩ ፒሲአር ሠርቶ በሁለቱም የታየውን ንባብ ብቻ መቀበል ነው። በአንዱ ብቻ የታየ ቅይጥ መሆኑ እስኪጣራ ድረስ ስም አይሰጠውም።

የኤንዛይሙ ስህተትም አለ። ተራ ታክ ፖሊሜሬዝ በየዙሩ ከ10 ሺህ እስከ 100 ሺህ ቤዝ አንድ ስህተት ይሠራል። 800 ቤዝ በ25 ዙር 20 ሺህ የመሳሳት ዕድል ነው፤ ስለዚህ በጥሩው ቀን ከአምስት ክሎን አንዱ፣ በመጥፎው ቀን እያንዳንዱ ክሎን ሁለት ሁለት የሐሰት ቤዝ ይዞ ይወጣል። አባላቱ በጥቂት ቤዝ ብቻ በሚለያዩበት ቤተሰብ ሁለት ቤዝ ማለት አዲስ ጂን መስሎ መታየት ነው፤ ግሉታሚን ላይ ከወደቀ ደግሞ የሐሰት ማቆሚያ ነው። ራሱን የሚያርም ኤንዛይም ዋጋው ቢወደድም እዚህ የሚቆጠብበት ቦታ አይደለም። ይህ ዓይነቱ ኤንዛይም ጫፉን ድፍን አድርጎ ስለሚተው፣ የቲ ጫፍ ወዳለው ፕላስሚድ የሚያስገባ ሰው መጨረሻ ላይ ኤ መጨመሩን አይርሳ፤ አለዚያ ቁራጩ የገባበትን ነጭ የባክቴሪያ ኮሎኒ ጠብቆ ባዶውን ሰማያዊ ብቻ ያያል።

ስንት ክሎን ይነበብ? በሒሳብ እንመልሰው። ከዜይን አርኤንኤ 5 በመቶ የሚሆን አባል ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲገኝ 95 በመቶ እርግጠኛ ለመሆን 59 ክሎን ማንበብ ያስፈልጋል። አባሉ 1 በመቶ ብቻ ከሆነ 300 ያህል ይሆናል። አቅም ከሌለ መንገዱ ሌላ ነው፦ ፕራይመሩን ከኮዱ ውጪ፣ ከጂኑ መጨረሻ በኋላ ባለውና አባላቱ ይበልጥ በሚለያዩበት ጫፍ ላይ አሳርፎ አንድን አባል ነጥሎ መያዝ። ይህ ቤተሰቡን ሁሉ አያሳይም፤ የያዙትን ግን በስሙ ለመጥራት ያስችላል።

ባክቴሪያውም ይመረጥ። አልፋ ዜይን 20 አሚኖ አሲድ ገደማ የሚሆን ሐረግ ዘጠኝና አሥር ጊዜ ይደጋግማል። 27 ኪሎዳልተን ጋማ ዜይን ደግሞ ሦስት ፕሮሊን፣ ቫሊን፣ ሂስቲዲን፣ ሉሲን የሚል ሐረግ ስምንት ጊዜ አለው። ድግግሞሽ ያለውን ዲኤንኤ ባክቴሪያ ቆርጦ ያሳጥረዋል። እንደ ዲኤች5አልፋ ያለ፣ ዲኤንኤን የሚያቀያይረው የሬክኤ ጂኑ የማይሠራ ዘር መጠቀምና ክሎኖቹ ካጠሩ በ30 ዲግሪ ማሳደግ ይረዳል።

አራተኛው ነጥብ የክብደቱ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው ከክሎኑ የሚሰላው ፕሮቲን 22 ኪሎዳልተን ካልመጣ ክሎኑን ጣሉት ይላሉ። እባካችሁ አትጣሉት። እነዚህ ቁጥሮች ፕሮቲኑ ፕሮቲኖችን በመጠን በሚለየው ኤስዲኤስ ጄል ላይ የሮጠበትን ቦታ የሚያመለክቱ የጥንት ስሞች ናቸው። «22» የሚባለው አልፋ ዜይን የምልክት ሐረጉ፣ ማለትም መጀመሪያው ላይ ያሉት 21 አሚኖ አሲዶች ከተቆረጡ በኋላ እንኳ ሲሰላ 26 ወይም 27 ኪሎዳልተን ገደማ ይሆናል። «19» የሚባለው 23 ወይም 24 ይሆናል። «10» የሚባለው ዴልታ ዜይን 129 አሚኖ አሲድ ይዞ 14 ያልፋል። «27» የሚባለው ጋማ ዜይን በተቃራኒው ሲሰላ ወደ 22 ይወርዳል፤ ሩብ ያህሉ ፕሮሊን በመሆኑ ጄሉ ላይ ይጎተታል። በመመሪያው መሠረት የሄደ ተማሪ ትክክለኛውን አልፋ ዜይን ይጥልና ጋማውን 22 ብሎ ያስቀምጣል ማለት ነው።

ፕሮቲኑን ከፍሬ ለማውጣት ጽሑፉ 70 በመቶ ኤታኖል ብቻ ይበቃል ይላል። አልፋውን ያወጣል፤ ጋማና ቤታ ግን በሲስቲኖቻቸው እርስ በርስ ተሳስረው ስለሚቀመጡ እንደ ሜርካፕቶኤታኖል ያለ ማላቀቂያ ካልተጨመረ ዝቃጩ ውስጥ ይቀራሉ። በዱሮ ጽሑፎች ጋማ ዜይን ከግሉቴሊን፣ ማለትም በአልኮል ከማይሟሙት፣ ወገን ተቆጥሮ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። የሚታመነው አሠራር ሙሉውን ፕሮቲን አስቀድሞ ማውጣት ነው፦ ለ50 ሚሊግራም የኢንዶስፐርም ዱቄት 1 ሚሊሊትር መፍትሔ፣ ማለትም 12.5 ሚሊሞላር ሶዲየም ቦሬት ፒኤች 10፣ 1 በመቶ ኤስዲኤስ፣ 2 በመቶ ሜርካፕቶኤታኖል ያለበት፣ በ37 ዲግሪ እየተነቃነቀ ያድራል። ሴንትሪፊዩጅ ተደርጎ ከላይኛው ፈሳሽ 300 ማይክሮሊትር ላይ 700 ማይክሮሊትር ንጹሕ ኤታኖል ይጨመራል። ዜይን ያልሆነው ይዘቅጣል፤ ዜይኑ ሁሉ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። ደርቆ በ15 በመቶ ጄል ላይ ሲሮጥ 27፣ 22፣ 19፣ 16፣ 15 እና 10 ተለይተው ይታያሉ። 50 እና 18 የደበዘዙ ናቸው።

በብራድፎርድ መለካትን በተመለከተ ብዙ አንጽፍም። የብራድፎርድ ቀለም የሚይዘው በዋናነት አርጂኒንንና ላይሲንን ነው። አልፋ ዜይን ላይሲን የለውም፤ አርጂኒኑም እጅግ ጥቂት ነው። በከብት አልቡሚን የተሠራ መለኪያ ዜይንን ከእውነተኛው መጠን አሳንሶ ነው የሚያሳየው። ሜርካፕቶኤታኖል ያለበትን ናሙና ቢሲኤ በተባለው ሌላ የቀለም ዘዴ መለካትም አይሆንም። ናይትሮጅኑን ኬልዳል በተባለው ዘዴ መለካት ወይም የታወቀ መጠን ያለው ንጹሕ ዜይን አብሮ አሂዶ ማነጻጸር ይሻላል። በዚሁ ምክንያት ዜይንን በማስ ስፔክትሮሜትር ለመለየት ትሪፕሲን አይመችም። ትሪፕሲን የሚቆርጠው ከላይሲንና ከአርጂኒን በኋላ ነውና የሚቆርጠው አያገኝም። ኪሞትሪፕሲን ወይም ቴርሞላይሲን ይሞከር። «ፕሮቲኑ በማሽኑ አልታየም፤ ስለዚህ ጂኑ አይሠራም» የሚል ድምዳሜ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው በምን ተቆረጠ የሚለው ነው።

ቀጥሎ ኦፔክ-2። ጽሑፉ የተበላሸ የዜይን ጂን ነው ይላል። ኦፔክ-2 የዜይን ጂን አይደለም፤ በ4ኛው ክሮሞዞም ላይም የለም። በ7ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ፣ የ22 ኪሎዳልተን አልፋ ዜይን ጂኖችን መግቢያ ይዞ የሚያነቃ የተቆጣጣሪ ፕሮቲን ጂን ነው። ጂኑ እ.ኤ.አ. በ1987 ክሎን የተደረገው ባርባራ ማክሊንቶክ ካገኘቻቸው ተዘዋዋሪ የዲኤንኤ ክፍሎች አንዱ ውስጡ ገብቶ የሰበረውን ተክል ይዞ በመፈለግ ነው። እሱ ሲጠፋ የ22 ኪሎዳልተን ዜይኖች ድምፅ በአንድነት ይቀንሳል። ላይሲን የበዛበት የሚሆነው ግን ዜይኑ የለቀቀውን ቦታ ላይሲን ያላቸው ሌሎች የፍሬው ፕሮቲኖች ስለሚሞሉትና ላይሲንን የሚያፈርሰው ኤንዛይም ስለሚደክም ነው። ኤድዊን ሜርትዝ፣ ሊን ቤትስና ኦሊቨር ኔልሰን በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ይህን እ.ኤ.አ. በ1964 ሲያሳውቁ፣ በተራ በቆሎ ከ100 ግራም ፕሮቲን 2 ግራም ያህል የነበረው ላይሲን ከ3 ግራም በላይ ሆኖ ተገኝቶ ነበር።

ጸሐፊው ምናልባት ከፍላወሪ-2 ጋር አምታተውት ይሆናል። እሱ በእርግጥ የዜይን ጂን ነው፤ ከላይ ለብቻው ተቀምጧል ያልነው 23ኛው አባል ነው። የምልክት ሐረጉ መጨረሻ ላይ አላኒን ወደ ቫሊን በመለወጡ ሐረጉ ሳይቆረጥ ይቀራል፤ ፕሮቲኑ በጄል ላይ 24 ሆኖ ይታያል፤ ከረጢቶቹም ቅርጻቸው ይበላሻል። ከ20 በላይ ዘመዶች እያሉት የአንዱ አባል አንዲት አሚኖ አሲድ ፍሬውን በሙሉ ዱቄታማ አደረገችው። አንድ ክሎን አንብቦ ስለ ቤተሰቡ መናገር እንደማይቻል ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም።

«ዜይንን ማብዛት ምግብነቱን ያሻሽላል» የሚለው ደግሞ ከመቶ ዓመት በፊት መልስ ያገኘ ነው። ኦስቦርንና ላፋዬት ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1914 አይጦችን ከፕሮቲን ዜይን ብቻ መገቧቸው፤ አላደጉም። ላይሲንና ትሪፕቶፋን ሲጨመርላቸው ማደግ ጀመሩ። አልፋ ዜይን ሁለቱም የሉትም። አልፋ ዜይን በጨመረ ቁጥር በኬልዳል የሚለካው «ፕሮቲን» ከፍ ይላል፤ ልጅ የሚያሳድገው ግን አብሮ አይጨምርም። የሜሲንግ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2003 የሠራውም የዚህን ተቃራኒ ነው፦ 22 ኪሎዳልተን ዜይኖችን በአርኤንኤ ጣልቃ ገብነት ዝም አሰኝቶ ላይሲን የጨመረ በቆሎ አገኘ። አንድ ነገር ለጸሐፊው እንመርቅላቸው፦ ዴልታ ዜይን ይለያል። የ10 ኪሎዳልተኑ ከአምስት አሚኖ አሲዶቹ አንዱ ሜቲዮኒን ነውና ለዶሮ መኖ ማብዛቱ ትርጉም አለው። ቢኤስኤስኤስ53 ራሱ የታወቀው በዚህ ዜይን ብዛት ነው። የላይሲንን ችግር ግን አይፈታም።

የመጨረሻው የኢትዮጵያ ጉዳይ ነው። ፕሮቲናቸው ከተሻሻለ በቆሎዎች መካከል ቢኤችኪውፒ542 እ.ኤ.አ. በ2001፣ መልካሳ-6ኪው በ2008 ለገበሬው ተለቅቀዋል። ሁለቱም የኦፔክ-2ን የተፈጥሮ ለውጥ የያዙ፣ በማዳቀልና በመምረጥ የተገኙ ናቸው፤ ማንም ጂን ክሎን አድርጎ አላስገባባቸውም። የመጀመሪያው ኦፔክ-2 ፍሬው ለስላሳና ዱቄታማ ስለነበር ነቀዝና የራስ መበስበስ ይበዛበት፣ ምርቱም ያንስ ነበር። በሜክሲኮ ባለው ሲሚት የተባለ የበቆሎና ስንዴ ምርምር ማእከል ሱሪንደር ቫሳልና ኢቫንጀሊና ቪዬጋስ ዓመታት ፈጅተው ፍሬውን የሚያጠነክሩ አጋዥ ጂኖችን አሰባስበው አስተካከሉት፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙት በዚህ ነው። አጋዦቹ የሚሠሩበትም ዋና መንገድ በዚሁ የጂን ቤተሰብ ውስጥ ይገኛል፦ የ27 ኪሎዳልተን ጋማ ዜይን ጂን በድርብ ሆኖ ፕሮቲኑ ይጨምራል፤ ከረጢቶቹን ያበዛል፤ ፍሬውም መስታወት መሰል ጥንካሬ ይይዛል።

ለገበሬ «ይህ የጂን ምሕንድስና ነው» ብሎ መንገር ውሸት ከመሆኑ በላይ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ይሰውርበታል። ኦፔክ-2 ከሁለቱም ወገን ካልመጣ ራሱን አይገልጥም። ከጎረቤት ማሳ የተራ በቆሎ ብናኝ ያረፈበት ፍሬ አንድ ጤነኛ ድርሻ ይበቃውና እዚያው በተዳቀለበት ዓመት ወደ ተራ በቆሎነት ይመለሳል። አጋዦቹ ፍሬውን ስላጠነከሩት ደግሞ በዐይን አይለይም፤ ከሥሩ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ቢደረግም ሁለቱም ብርሃን ያሳልፋሉ። ቤተ ሙከራ ትሪፕቶፋኑን ይለካል፤ ትሪፕቶፋን ከላይሲን ሩብ ያህል ሆኖ አብሮት ስለሚወጣና ስለሚወርድ አንዱ ለሌላው ይመሰክራል። ወይም በኦፔክ-2 ጂን ውስጥ ባሉት ፒኤችአይ057 እና ዩኤምሲ1066 በተባሉ ጠቋሚዎች ይመረምራል። እነዚህ ሁለቱ የእናትንና የአባትን ድርሻ ለይተው ስለሚያሳዩ ለዚህ ፈተና ይመቻሉ፤ ፒኤችአይ112 ግን ሁለቱን አይለይም። ቤተ ሙከራ የሌለው፣ መልካሳ-6ኪውን ዘር አስቀርቶ የሚዘራ ገበሬ ደግሞ ዳር ዳር ያሉትን መስመሮች ለምግብ አድርጎ ዘሩን ከማሳው መሐል ካሉት ራሶች ይምረጥ፤ የባዕድ ብናኝ በብዛት የሚያርፈው ዳሩ ላይ ነው።